ኪቦርዱ የባለቤቴን እጅ ሲለምድ

ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው የሐኪም ትእዛዝ የሚጻፍበትን ወረቀት ያውቀዋል። ወረቀቱ ላይ መድኃኒት የለም። «ይህን መድኃኒት፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ሰዓት ስጡ» የሚል ቃል ብቻ ነው ያለው። አንብባ፣ ለክታ፣ በሽተኛው አልጋ ድረስ የምታደርሰው ነርሷ ናት። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌላ ሰው ትእዛዝ በትክክል ወደ ሰው ገላ እንዲደርስ በመጠበቅ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሆስፒታል አይደለም። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ስለምትነካካው ሙዚቃ ነው። ነገሩ የገባኝ በዚህ ወረቀት ምሳሌ ስለሆነ ነው ከዚያ የጀመርኩት።

እንደኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ልጅ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ስናይ «ይሄ ልጅ ጊዜውን ፈጀ» ማለት ይቀናናል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ላይም እናቷ ይህንኑ ነበር የምትለው። አነስተኛ ኪቦርድ አላት፤ 49 ቁልፎች ብቻ ያሉት። ብቻውን ብትነኩት ምንም ድምፅ አይሰጥም። በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ሲገናኝ ነው ነፍስ የሚዘራው። ለካ ከኪቦርዱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። «ቁልፍ ቁጥር 60 ተጫነ፤ ጉልበቱ 45 ነው» ይላል። ቁልፉ ሲለቀቅ ደግሞ «60 ተለቀቀ» ይላል። ድምፁን የሚያወጣው ትእዛዙን የተቀበለው ሶፍትዌር ነው፤ በፒያኖም ይሁን በክራር ወይም በአኮርዲዮን ድምፅ። የዚህ የመልእክት ቋንቋ ስም ሚዲ ይባላል።

ሚዲ ከተወለደ ቆየ። ጃፓናዊው የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ባደረጉት ጥረት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ደንቡ ታትሞ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን የተቀበልኩበት ዓመት። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚህ ሥራቸው የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እኔ ስለ ጉዳዩ ለመስማት 42 ዓመት ፈጅቶብኛል። የሰማሁትም ወድጄ ሳይሆን ችግር ቤቴ ገብቶ ነው።

ችግሩ የባለቤቴ ቀኝ እጅ ነው።

ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ግን በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ስለነበርን ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው በሒልተን ሆቴል ስለሚጫወተው ስለ ዋልያስ ባንድና ስለ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ሲወራ እየሰማን ነው ያደግነው። ኃይሉ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር ያዋሃደ ካሴት ሠራ። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተጽፏል። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ እጅ አይረሳም» ብሎኝ ነበር። ያኔ የራሱ እጅ ደህና ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ጠዋት ቡና እየጠጣን ሳለ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። «ሁለት እጅህን አንሳ» አልኩት፤ ግራው ተነሳ፣ ቀኙ ቀረ። ስሜን ሊጠራ ሞከረ፤ ቃሉ ተያያዘበት። ስትሮክ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ወሰድነው። እናንተም ያዙልኝ፦ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መያያዝ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ «ትንሽ ይረፍና እናያለን» አይባልም። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚደክመው የቀኝ ጎን ነው፤ ብዙ ጊዜ ንግግርም አብሮ ይነካል። የእርሱም እንዲሁ ሆነ።

በፊዚዮቴራፒ እግሩ ተመለሰ፤ በከዘራ ይሄዳል። ንግግሩ ዘገምተኛ ቢሆንም ይግባባል። እጁ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጉልበት ግን የላቸውም። አኮርዲዮን በትከሻ ተሸክሞ፣ ከፍቶና ዘግቶ መጫወት የማይታሰብ ሆነ። በዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ እኛም ከሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቻችን ተለያይተን ልጃችን ቤት፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ገባን። ካዛንቺስ ሳለን ማታ ከአዝማሪ ቤቶቹ የሚወጣው የማሲንቆ ድምፅ መስኮታችን ድረስ ይመጣ ነበር። የዕድር ጓደኞቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ነርስ ነኝና ይህ ዝምታ ያስፈራኛል። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ትካዜ በሽተኛው መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም እንዲተው ያደርገዋል።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ «እማማ፣ አባባ ለምን በእኔ ኪቦርድ አይሞክሩም?» አለችኝ። ቁልፎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ሸክም የለውም። አስቀመጥነውና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከላፕቶፑ የወጣው ድምፅ ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር። አንዳንዱ ቁልፍ ጨርሶ አልተሰማም። «ድምፅ… የለውም» አለና እጁን ሰበሰበ።

ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም። «ይሄማ ቀላል ነው» ብላ አንድ ነገር ነካካች። ማንኛውም ቁልፍ፣ እንዴትም ቢጫኑት፣ ጉልበቱ 100 ሆኖ እንዲያልፍ ማድረጓ ነበር። በሚዲ የአንድ ቁልፍ ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ነው የሚለካው፤ ስሙም ቬሎሲቲ ይባላል። በእርግጥም አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ባለቤቴ በትዝታ ቅኝት ጥቂት ተጫወተና ቆመ። «ይህ… እኔ አይደለሁም» አለ። ምክንያቱን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደበት፤ እኛም ጠበቅነው። ሁሉም ድምፅ እኩል ይጮሃል፣ የተነሳና የወደቀ የለም፣ ሰው የተናገረው ሳይሆን ማሽን ያነበበው ነው ማለቱ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ነው ጆሮዬን ያቆምኩት። በሥራ ዘመኔ አቅሙ የደከመ ሰው ያለችውን ጥቂት ነገር እንዳይነጥቁት ሲለምን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ራሱ መጉረስ የሚችለውን ሰው ቸኩለን ስናጎርሰው ፊቱን ያዞራል። ባለቤቴ ደካማ ቢሆንም አሁንም አንዱን ቁልፍ ለስለስ፣ ሌላውን ጠንከር ያደርጋል። ልዩነቱ ትንሽ ናት፤ ግን የእርሱ ናት። ቁጥሩን ሁሉ 100 ማድረግ ያቺን ልዩነት መሰረዝ ነበር።

«ያንን የጉልበት ቁጥር ማየት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኳት። ይቻላል። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የድሮ ልማዴ ተነሳና ደብተር አምጥቼ እንደ ሙቀትና ደም ግፊት ሰንጠረዥ አሰመርኩ። አምስቱን ጣቶች እያንዳንዳቸውን አራት አራት ጊዜ እንዲጫን ጠየቅነው፤ ሃያ ቁጥር ሆነ። ትንሹ ቁጥር 9 ነበር፣ የትንሿ ጣት። ትልቁ 38 ነበር፣ የአመልካች ጣት። እንግዲህ የባለቤቴ ዓለም ከ9 እስከ 38 ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ እስከ 127 ነው የሚጠብቀው። የጎደለው ሙዚቃ አልነበረም፤ ሁለቱ መለኪያዎች አለመገናኘታቸው ነበር።

ልጅቷ ወዲያው ገባት። እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ 30 ይደመርበት አለች። 10 ሲገባ 50 ሆኖ ይወጣል፤ 25 ሲገባ 80፤ 40 ሲገባ 110። ደካማው ከፍ ይላል፣ ጠንካራውም ከፍ ይላል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም ይሰፋል። የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ይህን የሚሠራ ክፍል አላቸው። ስሙ እንደየሶፍትዌሩ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ የገባውን ቁጥር ተቀብሎ በተነገረው መስመር መሠረት ሌላ ቁጥር አድርጎ ያወጣል። መስመሩ ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቀስት የጎበጠም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ። የደከመ እጅ ሲንቀሳቀስ ይጎተታል፤ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ጎረቤቱን ይነካል። እነዚህ ያልታሰቡ ንክኪዎች ቁጥራቸው ከ2 እስከ 5 ነበር፤ ዱሮ አይሰሙም ነበር። አሁን ግን 4 የነበረው ንክኪ በሁለት ተባዝቶ 30 ሲደመርበት 38 ሆኖ እንደ ትክክለኛ ድምፅ ይወጣ ጀመር። ልጅቷ ከ12 በታች የሆነ ሁሉ እንዲጣል አደረገች። ያኔ ትንሿ ጣት ከነጭራሹ ጠፋች፤ የእርሷ ቁጥር 9 ነዋ! ወደ 6 ዝቅ አደረገችው፤ ከ6 በታች ይጣላል፣ ከዚያ በላይ ያልፋል። ትንሿ ጣት ተመለሰች፣ ንክኪው ቀረ። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጣሉ ከማባዛቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከተባዛ በኋላ ጥፋቱና ልፋቱ ይመሳሰላሉ። ቁስል መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይታሸጋል አልኳት፤ ሳቀች።

ግራ እጁስ? ግራው ጤነኛ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ልጅቷ «አባባ፣ አኮርዲዮን ላይ ግራ እጅዎ ምን ይሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። በቃል አልመለሰላትም። ግራ ክንዱን በአየር ላይ ዘርግቶ ወደ ደረቱ መለሰው፤ እንደገና ዘረጋው። ወናፉን እየሳበ ነው። አኮርዲዮን ላይ ቀኝ እጅ ዜማውን ሲመርጥ፣ ለድምፁ ትንፋሽ የሚሰጠው ግራ ክንድ ነው። ድምፁ የሚያብጠውም የሚሟሽሸውም በዚያ ነው።

በኪቦርዱ ግራ ጫፍ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ አለች። ሚዲ ከቁልፎቹ ሌላ እንዲህ ላሉ መቆጣጠሪያዎች የየራሳቸው ቁጥር አለው። ይህቺ ጎማ ቁጥር 1 ናት፤ ሞዱሌሽን ትባላለች፤ በእነርሱ ሶፍትዌር ውስጥ ድምፁን ታንቀጠቅጠው ነበር። ጠቅላላ ድምፅን የሚቆጣጠረው ቁጥር 7 ነው። በዜማው ውስጥ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚልበት፣ ኤክስፕሬሽን የሚባለው ቁጥር 11 ነው። ድምፅን አቆይቶ የሚይዘው ፔዳል 64 ነው። ልጅቷ ያደረገችው ይህ ነው፦ ኪቦርዱ «1» እያለ ሲልክ ሶፍትዌሩ «11» ብሎ እንዲያነብ። ከመልእክቱ የቁጥር ስሙ ብቻ ተቀየረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጎማዋ ወናፍ ሆነች።

እዚህም ትንሽ ማረም አስፈልጓል። ጎማዋ እስከ መጨረሻው ስትወርድ ቁጥሩ 0 ይሆንና ድምፁ ድርግም ይላል፤ ባለቤቴም ዜማው መሐል ይደነግጣል። ልጅቷ መነሻውን 35 አደረገችው፤ ጎማዋ ታች ስትሆን 35፣ ላይ ስትደርስ 127። ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም።

ሶፍትዌሩ ሌላም ነገር አቀረበልን። የተሳሳተ ቁልፍ ሲነካ በራሱ ወደ ቅርቡ ትክክለኛ ድምፅ የሚመልስ መንገድ አለ። ለትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አምስቱን ብቻ ታስተዋውቁታላችሁ፤ ከእነርሱ ውጭ የተነካው ሁሉ ይታረማል። ጀማሪን ሊያስደስት ይችላል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሞክሮት ራሱን ነቀነቀ። «ስህተቴን… ተዪልኝ» አላት። እርሷም አጠፋችው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል እኔና የልጅ ልጄ አንድ ጉዳይ ላይ አልተስማማንም። እርሷ ለአያቷ ሁሉን ማቅለል ፈለገች፤ ልጅ ናት፣ ትወደዋለች። እኔ ደግሞ የታማሚ እጅ ሥራ ካልተሰጠው እንደሚሰንፍ አውቃለሁ። ከስትሮክ በኋላ አንጎል የጠፋበትን መንገድ በሌላ በኩል የሚፈልገው በድግግሞሽ ነው። ማሽኑ ለስላሳውን ንክኪ ሁሉ ትልቅ ድምፅ አድርጎ ከሰጠው ጣቱ ለምን ይለፋል? ክራንች ለመራመድ ይጠቅማል፤ ክራንች ላይ ተደግፎ መቅረት ግን ሌላ ነው። «ሲስተር፣ ሁሉም ነገር ፊዚዮቴራፒ አይደለም» አለኝ ባለቤቴ ራሱ። ሲቆጣ ነው ሲስተር የሚለኝ። አባባሉ ልክ ነው፤ ዜማ የሚያሰኘው ሰው ሁልጊዜ ታማሚ መሆን አይፈልግም።

መፍትሔው ከዚያው ከኮምፒውተሩ ተገኘ። የተስተካከለው ነገር ሁሉ በስም ስለሚቀመጥ ሁለት ዓይነት አዘጋጀን። አንደኛው «የጠዋት» ይባላል፤ በውስጡ ማባዛትም መደመርም የለም፣ እጁ ያወጣው ቁጥር እንዳለ ያልፋል። ይህ የሥራ ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ፣ አምስቱም ጣቶች፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው «የማታ» ነው፤ ትንፋሹም ጉልበቱም የተሟላለት፣ ለዘፈን ብቻ። ማታ ደብተር አይወጣም፤ እኔም ቁጥር አልጠይቅም።

ይህ ከራሳችን ቤት ብቻ የፈለቀ ሐሳብ አለመሆኑን በኋላ አነበብኩ። ጀርመን አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስትሮክ በኋላ እጃቸው የደከመ ሰዎችን በሚዲ ፒያኖና በኤሌክትሮኒክ ከበሮዎች ለሦስት ሳምንት አለማምደዋል፤ ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ማለት ነው። የለመዱት ሰዎች የእጅ እንቅስቃሴ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የበለጠ ተሻሽሎ ተገኝቷል። «በተጨማሪ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ኪቦርድ የደም ግፊት ኪኒንን አይተካም፤ ፊዚዮቴራፒስቱንም አይተካም። ባለቤቴም ኪኒኑን የሚውጠው ኪቦርዱ ፊት ከመቀመጡ በፊት ነው፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ማታ ባለቤቴ «ይጮሃል» ብሎ ቆመ። ስፒከሩን ዝቅ አደረግን፤ አልተስማማም። ልጅቷ ቁጥሩን አየችና ሳቀች። በማታው መስመር 49 የሆነ ጉልበት በሁለት ተባዝቶ 30 ሲደመርበት 128 ይሆናል፤ ሚዲ ደግሞ ከ127 በላይ አያውቅም። ስለዚህ ከ48 በላይ የሆነው ሁሉ ጣሪያው ላይ እየተጋጨ አንድ ዓይነት ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ጨርሶ የማይደርስበት ቁጥር ነበር። የጠዋቱን ደብተር ገለጥኩ። ትንሹ ቁጥር 14፣ ትልቁ 60 ደርሷል። በየቀኑ ስንጽፈው አንድና ሁለት ስለሚጨምር ልብ አላልነውም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው። የጮኸበት ምክንያት እጁ ስለበረታ ነበር።

መስመሩ ተቀነሰ። አሁን በአንድ ተኩል ተባዝቶ 20 ይደመርበታል፤ 14 ሲገባ 41 ይወጣል፣ 60 ሲገባ 110። የልጅ ልጄ ይህን ስታስተካክል ባለቤቴ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። «የሚቀጥለው… መቼ ነው?» አላት። ድጋፉ የሚቀነስበትን ቀን መጠየቁ ነው። እኔ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ ሽንኩርቱም እየተከተፈ ነበርና ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

የልጅቷ እናትም አቋሟን ለወጥ አድርጋለች። ቀድሞ ኪቦርዱ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ከቁምሳጥን አይወጣም ነበር። አሁን ጥናቷን ከጨረሰች በኋላ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ለአባባ ተፈቅዷል። መብራት ቢጠፋም ኪቦርዱ ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚመገብ ዜማው አይቋረጥም። በጨለማ ውስጥ ባለቤቴ ግራ ጣቱን ጎማዋ ላይ አድርጎ ሲተነፍስባት ለሚሰማው ሰው አኮርዲዮን ነው።

በቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከልምዴ ጥቂት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን አማክሩ። ሕመም ያለበትን፣ ትከሻው የሚያመውን ሰው አታስገድዱ። ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጉልበት የሚለኩ ቁልፎች ያሉት ትንሽ ኪቦርድ ይበቃል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት እጁ የሚያወጣውን ቁጥር ሃያ ጊዜ መዝግቡ፤ ሳይለኩ መጠን ማዘዝ በእኛ ሙያም አይፈቀድም። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ነገር ለውጣችሁ ቢሻሻል የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የቀድሞውን በስሙ አስቀምጡት፤ መመለስ ይመጣልና። ከሁሉም በላይ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት። ቁጥሩ ያላሳየንን «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ የነገረን እርሱ ነው።

ልጆቻችሁንም ጠይቋቸው። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትሉ ለቁጣ ሳይሆን ለማወቅ ይሁን። አጠገባቸው ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። እኛ የምናውቀው የሰው እጅ አለ፤ እነርሱ የሚያውቁት ማሽን አለ። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ቤት ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው እንዳይኖሩ።

ትናንት ጠዋት ትንሿ ጣት 21 መትታለች። ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍኩት። ሰላም ያሰንብተን።